ኩዌሪያችሁ ስንት ረድፍ እንደሚመልስ ውጤቱን ሳታመጡ ማወቅ

ኩዌሪ (ለዳታቤዝ የሚላክ ጥያቄ) ልካችሁ ረድፎቹን መቀበል ሳትጀምሩ ቁጥራቸውን ማወቅ የሚያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው። «ከ385 ውጤቶች ከ1 እስከ 20» ብሎ ለመጻፍ፣ የገጽ ቁጥሮችን ለመደርደር፣ የሥራ ሂደት የሚያሳየውን መስመር ለመሙላት፣ ወይም ሚሊዮን ረድፍ ከመዘርገፉ በፊት ተጠቃሚውን ለማስጠንቀቅ ሊሆን ይችላል። ችግሩ፣ ሰርቨሩም ቢሆን ቁጥሩን አስቀድሞ አለማወቁ ነው። ብዙ ጊዜ ረድፍ እየፈለገ ያገኘውን እየላከ ስለሚሄድ የመጨረሻውን እስኪያልፍ ድረስ ድምሩ የለውም። ስለዚህ ከታች ያለው መንገድ ሁሉ ዋጋ አለው፦ ወይ ሥራውን ሁለት ጊዜ ታሠሩታላችሁ፣ ወይ ውጤቱን አንድ ቦታ ታጠራቅሙታላችሁ፣ ወይ በግምት ትረካላችሁ። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ቁጥሩን የፈለጋችሁበት ምክንያት ነው።

ትእዛዞቹን እዚህ በአነባበባቸው ጽፈናቸዋል፤ ስትሠሩ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። ለምሳሌ የምንጠቀመው «ደረሰኞች» የሚባል ቴብል ነው፤ መለያ፣ ቀን እና ሁኔታ የሚሉ ዓምዶች አሉት። «ዕቃዎች» የሚባለው ሁለተኛው ቴብል በየደረሰኙ ላይ የተመዘገቡትን ዕቃዎች ይይዛል።

1. ቁጥሩ ለምን እንደተፈለገ ለዩ

ይህን እርምጃ አትዝለሉት፤ ብዙ ካውንት (የረድፍ ቆጠራ) እዚህ ላይ አላስፈላጊ ሆኖ ይቀራል። ኮዱ ውስጥ «ካውንቱ ከ0 ከበለጠ» የሚል ሁኔታ ብቻ ካለ የተፈለገው «አለ ወይስ የለም» እንጂ ቁጥር አይደለም፦

ሴሌክት ኤግዚስትስ (ሴሌክት 1 ፍሮም ደረሰኞች ዌር ሁኔታ = 'ያልተከፈለ')

ሰርቨሩ የመጀመሪያዋን ረድፍ እንዳገኘ ሥራውን ያቆማል። ካውንት ግን የመጨረሻዋን ሳይቆጥር አይመለስም። በኤስኪውኤል ሰርቨር (ከዳታቤዝ ፕሮግራሞቹ አንዱ ነው) ኤግዚስትስ ብቻውን ከሴሌክት ቀጥሎ አይገባም፤ በኬስ ዌን ወይም በኢፍ ውስጥ አስገቡት።

«ቀጣይ ገጽ» የሚለው ቁልፍ ይታይ ወይስ አይታይ ለሚለው ጥያቄም ድምር አያስፈልግም። ገጹ 20 ረድፍ የሚያሳይ ከሆነ 21 ጠይቁ። 21ኛዋ ከመጣች ቀጣይ ገጽ አለ ማለት ነው፤ እሷን ጥላችሁ 20ውን ታሳያላችሁ። ከመንገዶቹ ሁሉ ርካሹ ይህ ነው፤ ብዙ ዝርዝሮች ከዚህ በላይ አይፈልጉም።

ሦስተኛው ጉዳይ ማስጠንቀቂያ ነው፦ «ውጤቱ ከ1000 በላይ ነው፣ ፍለጋውን አጥብቡ»። ለዚህ ቆጠራውን 1001 ላይ ቁረጡት፦

ሴሌክት ካውንት(*) ፍሮም (ሴሌክት 1 ፍሮም ደረሰኞች ዌር ሁኔታ = 'ያልተከፈለ' ሊሚት 1001) ቲ

1001 ከመለሰ «ከ1000 በላይ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ ካነሰ ትክክለኛው ቁጥር በእጃችሁ ነው። ሚሊዮን ረድፍ ቢኖርም ሰርቨሩ ከ1001 አያልፍም። ሊሚቱ (የረድፎቹን ብዛት የሚገድበው ቃል) የግድ በውስጠኛው ኩዌሪ ውስጥ ይሁን። ውጭ ከወጣ የሚገድበው የካውንቱን መልስ ነው፤ የካውንት መልስ ደግሞ ድሮም አንድ ረድፍ ብቻ ስለሆነ ሊሚቱ ምንም አይሠራም።

ትክክለኛ ድምር በእርግጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

2. የካውንት ኩዌሪውን ከዋናው ኩዌሪ አውጡ

ቀላሉ ኩዌሪ ላይ ሥራው አጭር ነው። ከሴሌክት እስከ ፍሮም ያለውን የዓምድ ዝርዝር አንስታችሁ ካውንት(*) ተኩ፤ ፍሮምና ዌር እንዳሉ ይቆዩ፤ ኦርደር ባይ (መደርደሪያው)፣ ሊሚትና ኦፍሴት (ከመጀመሪያ ስንት ረድፍ እንደሚዘለል የሚወስነው) ይውጡ። ሊሚቱን ማውጣት የሚረሳ ሰው ከላይ እንዳልነው የቁጥር ስህተት ላያይ ይችላል፤ ከ0 በላይ የሆነ ኦፍሴት ሳይወጣ ከቀረ ግን የካውንቷ አንዲት ረድፍ ራሷ ተዘልላ ባዶ ውጤት ይመጣል። ኦርደር ባይን ሳያወጡ መተው ደግሞ በፖስትግሬስና በኤስኪውኤል ሰርቨር ስህተት ያስነሳል፤ የሚደረደርበት ዓምድ በድምር ውስጥ የለምና።

ኩዌሪው ውስጥ ግሩፕ ባይ፣ ዲስቲንክት፣ ሃቪንግ ወይም ዩኒየን ካለ ይህ መተካት አይሠራም። ግሩፕ ባይ ያለበት ኩዌሪ ላይ ካውንት(*) ብትተኩ በየምድቡ ስንት ረድፍ እንዳለ ይነግራችኋል፤ ምድቦቹ ስንት እንደሆኑ ግን አይነግራችሁም። የሚያሟላ ረድፍ ጨርሶ ከሌለም 0 የሚል ረድፍ አይመጣም፤ የሚመጣው ባዶ ውጤት ነው፤ የመጀመሪያዋን ረድፍ በጭፍን የሚያነብ ኮድ እዚያው ይወድቃል። መፍትሔው ዋናውን ኩዌሪ እንዳለ በቅንፍ መጠቅለል ነው፦

ሴሌክት ካውንት(*) ፍሮም (ዋናው ኩዌሪ ያለ ኦርደር ባይ) ቲ

መጨረሻ ላይ ያለችው «ቲ» ለውስጠኛው ኩዌሪ የተሰጠች ስም ናት። ማይኤስኪውኤልና ኤስኪውኤል ሰርቨር ያለ ስም አይቀበሉም፤ ፖስትግሬስም እስከ ስሪት 15 ድረስ ግድ ይላል። ከስሟ በፊት «አዝ» የሚለውን ቃል አለማስገባት ይሻላል፤ ኦራክል ለቴብል ስም ሲሆን አይቀበለውም፣ ሌሎቹ ግን ያለ እሱም ይሠራሉ።

ስትጠቀልሉ የሚያጋጥም የተለመደ እንቅፋት የዓምድ ስም መደጋገም ነው። ደረሰኞችና ዕቃዎች ሁለቱም «መለያ» የሚል ዓምድ ካላቸውና ዋናው ኩዌሪ ሴሌክት ስታር የሚል ከሆነ፣ ብቻውን ሲላክ ይሠራል፤ በቅንፍ ሲገባ ግን ማይኤስኪውኤል በስህተት ቁጥር 1060፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር በ8156 ይመልሰዋል። ምክንያቱም የተጠቀለለ ኩዌሪ እንደ ቴብል ስለሚቆጠር፣ በአንድ ቴብል ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓምድ አንድ ስም ሊይዝ አይችልም። ስታሩን አንስታችሁ የሚያስፈልገውን ዓምድ በስሙ ጥሩ፤ ዲስቲንክት፣ ግሩፕ ባይ ወይም ዩኒየን ከሌለ 1 ብቻ ብትጽፉም ይበቃል፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ግን ለዚያች 1 የዓምድ ስም ስጧት። ኤስኪውኤል ሰርቨር ኦርደር ባይን በውስጠኛ ኩዌሪ የሚቀበለው ቶፕ ወይም ኦፍሴት አብሮት ካለ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ አውጡት።

አሁን ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ሦስት ደረሰኞች አሉ እንበል። የመጀመሪያው 4 ዕቃ፣ ሁለተኛው 1 ዕቃ ይዟል፤ ሦስተኛው ባዶ ነው። ደረሰኞችን ከዕቃዎች ጋር በሌፍት ጆይን አያይዛችሁ ብትቆጥሩ፦

ካውንት(*) 6 ይላል፤ 4 እና 1፣ እንዲሁም ለባዶው ደረሰኝ ሌፍት ጆይኑ ያቆያት 1 ረድፍ።
ካውንት(ዕቃዎች.መለያ) 5 ይላል፤ ነል (ባዶ እሴት) የሆነውን ስለማይቆጥር።
ካውንት(ዲስቲንክት ደረሰኞች.መለያ) 3 ይላል።

ሦስቱም ልክ ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ለየቅል ነው። ዋናው ኩዌሪ ስንት ረድፍ ይመልሳል ለሚለው መልሱ 6 ነው። ገጹ ላይ የምታሳዩት ደረሰኝ ከሆነ ግን 3 መሆን አለበት፤ እዚያ ላይ 6 ከወጣ የተበላሸው ካውንቱ ሳይሆን ዋናው ኩዌሪ ነው፣ ደረሰኝን ደጋግሞ ያመጣልና። በነገራችን ላይ ካውንት(1) ከካውንት(*) ይፈጥናል የሚለው የቆየ ወሬ መሠረት የለውም፤ ሁለቱ አንድ ናቸው።

በተቃራኒው፣ አንድ ደረሰኝ አንድ ደንበኛ ብቻ ካለው፣ ደንበኞችን በሌፍት ጆይን ያመጣችሁት ስማቸውን ለማሳየት ብቻ ከሆነና በዌር ውስጥ ካልተጠቀሱ፣ ከካውንት ኩዌሪው ላይ ጆይኑን በሙሉ ማውጣት ትችላላችሁ። ቁጥሩን አይለውጥም፤ ሥራውን ግን ያቀልላል። ኢነር ጆይን ከሆነ ደንበኛ የሌላቸውን ደረሰኞች ስለሚጥል እንዲህ በቀላሉ አይወጣም።

ኮዱን ስታዋቅሩ የዌር ክፍሉን አንድ ቦታ ብቻ ገንቡትና ሁለቱም ኩዌሪዎች ከዚያ ይውሰዱ። ለየብቻ የተጻፉ እንደሆነ አንድ ቀን አንዱ ላይ አዲስ ማጣሪያ ይጨመርና ሌላው ይረሳል፤ ያኔ «385 ውጤቶች» እያለ 12 ረድፍ የሚያሳይ ገጽ ይወለዳል። የምታሳልፏቸውን ፓራሜትሮችም ቁጠሩ። ከሴሌክት ዝርዝሩ ወይም ከሊሚቱ ጋር አብሮ የወጣ የጥያቄ ምልክት ካለ፣ እሴቱም አብሮ ካልወጣ አብዛኞቹ ድራይቨሮች (ፕሮግራማችሁን ከዳታቤዙ የሚያገናኙት ላይብረሪዎች) «የፓራሜትር ብዛት አይገጥምም» ይላሉ።

መልሱን ስታነቡ ደግሞ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የካውንት ኩዌሪ የሚመልሰው አንድ ረድፍ ነው፤ ቁጥሩ ያለው በረድፏ ውስጥ ነው። የካውንት ኩዌሪውን «የረድፍ ብዛት» የሚጠይቅ ኮድ ሁልጊዜ 1 ያገኛል፣ ጀማሪውም ዳታው የት ገባ ብሎ ሲፈልግ ይውላል። ሁለተኛ፣ ፖስትግሬስ ካውንትን በ64 ቢት ስለሚመልስ የኖድ ድራይቨሩ ቁጥሩን በጽሑፍ መልክ ነው የሚያስረክበው፤ ሳትቀይሩት 1 ብትደምሩበት 20 የነበረው «201» ይሆናል። ሦስተኛ፣ የኤስኪውኤል ሰርቨር ካውንት 32 ቢት ነው፤ ከ2,147,483,647 ካለፈ በስህተት ያቆማል። እዚያ የሚደርስ ቴብል ካላችሁ ካውንት_ቢግ የሚባለውን ተጠቀሙ።

3. በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ማምጣት

ቁጥሩን ከረድፎቹ ጋር አብሮ ለማግኘት የዊንዶው ፈንክሽን አለ፦

ሴሌክት መለያ, ቀን, ካውንት(*) ኦቨር() አዝ ድምር ፍሮም ደረሰኞች ዌር ሁኔታ = 'ያልተከፈለ' ኦርደር ባይ ቀን, መለያ ሊሚት 20 ኦፍሴት 0

ድምሩ የሚሰላው ሊሚት ከመቁረጡ በፊት ስለሆነ 20 ረድፍ ቢመጣም እያንዳንዷ ላይ 385 ተጽፎ ታገኛላችሁ። ማይኤስኪውኤል ከ8.0፣ ኤስኪውላይት ከ3.25 ጀምሮ ይቀበሉታል፤ ፖስትግሬስ፣ ኦራክልና ኤስኪውኤል ሰርቨር ከዚያ በፊትም ነበራቸው።

ሁለት ወጥመድ አለው። ተጠቃሚው ከመጨረሻው ገጽ አልፎ ኦፍሴት 400 ቢጠይቅ አንድም ረድፍ አይመጣም፤ ረድፍ ከሌለ ደግሞ ድምሩም የለም። ኮዱ ይህን «ምንም ውጤት የለም» ብሎ እንዳይተረጉመው፣ ኦፍሴቱ ከ0 በላይ ሆኖ ባዶ ሲመጣ የተለየውን ካውንት ኩዌሪ ይላክ። ሁለተኛው ወጥመድ ዲስቲንክት ነው፦ ኦቨር የሚቆጥረው ዲስቲንክት ተደጋጋሚውን ከመጣሉ በፊት ስለሆነ ቁጥሩ ይበዛል። እንዲህ ያለውን በውስጠኛ ኩዌሪ ጠቅልላችሁ ኦቨሩን ውጭ አድርጉት።

ዋጋውንም እወቁት። ኢንዴክስ (ረድፎችን ቶሎ ማግኛ ዝርዝር) ተከትሎ 20 ረድፍ አንስቶ መቆም ይችል የነበረ ኩዌሪ አሁን 385ቱንም ማየት አለበት። 385 ምንም አይደለም፤ 40 ሚሊዮን ሲሆን ግን የመጀመሪያው ገጽ ይጎተታል። በማይኤስኪውኤል የቆየ ኮድ ውስጥ ኤስኪውኤል_ካልክ_ፋውንድ_ሮውስ የሚባለውን ካገኛችሁ ከ8.0.17 ጀምሮ ሊወገድ የተመደበ ስለሆነ በሁለት ኩዌሪ ተኩት።

4. ድራይቨሩ የሚሰጠውን ቁጥር መቼ ማመን

ብዙ ላይብረሪዎች «ሮው ካውንት» የሚል ነገር አላቸው፤ ስሙ ግን ያሳስታል። ያ ቁጥር በእርግጠኝነት የሚሠራው በአፕዴት፣ በኢንሰርትና በዲሊት ላይ ነው። ለሴሌክት የሚሆነው ሙሉ ውጤቱ ቀድሞ ወደ ፕሮግራማችሁ ሜሞሪ ከተጫነ ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማምጣቱ አልቋል፣ የቀረው ማንበብ ነው። ውጤቱ ትንሽ ከሆነ ይህ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ሁለተኛ ኩዌሪ ያድናል።

በፒኤችፒ የማይኤስኪውኤልአይ ነም_ሮውስ በነባሪው አሠራር ትክክለኛ ቁጥር ይሰጣል፤ ውጤቱን በሙሉ ቀድሞ ስለሚያመጣው። ረድፍ በረድፍ እንዲመጣ ካደረጋችሁት ግን የመጨረሻው እስኪነበብ ድረስ ቁጥሩ አይታመንም። ሌላው የፒኤችፒ ላይብረሪ ፒዲኦ ላይ ሮውካውንት ለሴሌክት ዋስትና የለውም፤ ማይኤስኪውኤል ላይ ሠርቶ ኤስኪውላይት ላይ 0 ይላል። የፓይተን ኤስኪውላይት3 ለሴሌክት −1 ይሰጣል፤ ትርጉሙ «አላውቅም» እንጂ «የለም» አይደለም። የፖስትግሬስ የፓይተን ድራይቨር ሳይኮፒጂ2 በተለመደው ከርሰር (ውጤቱ የሚነበብበት መያዣ) ልክ ነው፤ ውጤቱን አምጥቶ ነዋ። በጃቫ ጄዲቢሲ የውጤት ስብስቡ ብዛት የሚናገር ሜተድ ጨርሶ የለውም፤ ላስት ብሎ ሄዶ ጌትሮው ማለት የሚቻለው ወደ ኋላ የሚመለስ ከርሰር ሲከፈት ነው፣ ነባሪው ወደ ፊት ብቻ ስለሚሄድ ስህተት ይወረውራል። በኦራክል ፒኤል ኤስኪውኤል የከርሰሩ ሮውካውንት እንደተከፈተ 0 ነው፤ አንድ ባነበባችሁ ቁጥር አንድ ይጨምራል። በኤዲኦ ሪከርድካውንት −1 ከመጣ ብዙውን ጊዜ ከርሰሩ ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ነው ማለት ነው፤ ስታቲክ አድርጋችሁ ክፈቱት።

5. ኩዌሪው ከባድ ሲሆን አንድ ጊዜ አሠርታችሁ አስቀምጡት

ሪፖርት የሚያወጣ ኩዌሪ 3 ደቂቃ ቢፈጅ ለካውንት ሌላ 3 ደቂቃ መጨመር ሞኝነት ነው። ውጤቱን ጊዜያዊ ቴብል ውስጥ አስገቡ፦

ክሪኤት ቴምፕ ቴብል ውጤት አዝ ሴሌክት ሮው_ነምበር() ኦቨር (ኦርደር ባይ ቀን, መለያ) አዝ ተራ, መለያ, ቀን ፍሮም ደረሰኞች ዌር ሁኔታ = 'ያልተከፈለ'

ፖስትግሬስ ሲጨርስ «ሴሌክት 48213» ብሎ ይመልሳል፤ ቁጥሩ ያ ነው። በኤስኪውኤል ሰርቨር ሴሌክት ኢንቱ ተጠቅማችሁ ወዲያው በቀጣዩ መስመር @@ሮውካውንትን ያዙት፤ መሃል ላይ ሌላ ትእዛዝ፣ ኢፍ እንኳ ቢሆን፣ ከገባ ቁጥሩ ይቀየራል። «ተራ» የሚለውን ዓምድ ያስገባነው ያለ ምክንያት አይደለም፦ ከጊዜያዊ ቴብል ስታነቡ የረድፎቹ ቅደም ተከተል ዋስትና ስለሌለው እንደገና ኦርደር ባይ ተራ ማለት አለባችሁ። የሂደት ማሳያ ላለው ሥራ የምንመርጠው ይህንን ነው፤ ቁጥሩና ረድፎቹ መቼም አይጣሉም።

ፖስትግሬስ ላይ ጊዜያዊ ቴብል ካልተፈለገ፣ በትራንዛክሽን (እንደ አንድ ሥራ የሚቆጠሩ ትእዛዞች) ውስጥ ስክሮል ከርሰር ክፈቱ፣ ሙቭ ፎርዋርድ ኦል በሉት፣ ያለፋቸውን ረድፎች ብዛት ይነግራችኋል፤ ከዚያ ሙቭ አብሶሉት 0 ብላችሁ ከመጀመሪያው ፌች አድርጉ። ረድፎቹ በኔትወርክ ሳይጓዙ ተቆጠሩ ማለት ነው።

6. ሁለቱ ኩዌሪዎች አንድ ዳታ ይዩ

ካውንቱን ልካችሁ 385 አገኛችሁ። ረድፎቹን እስክትጠይቁ ሌላ ሰው 2 ደረሰኝ ጨመረ። አሁን 387 ይመጣል። ለገጽ ቁጥር ይህ አያሳስብም። የ385 ቦታ አሬይ አዘጋጅታችሁ የምትሞሉ ከሆነ ግን ፕሮግራሙ ይፈርሳል፤ ካውንትን ለመጠን ፍንጭ አድርጉት እንጂ እንደ ገደብ አትመኑት።

የግድ መግጠም ካለባቸው ሁለቱንም በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ አድርጉ፤ ትራንዛክሽን መክፈት ብቻውን ግን አይበቃም። የፖስትግሬስ ነባሪ ደረጃ (ትራንዛክሽኖች የሌላውን ለውጥ ምን ያህል እንደሚያዩ የሚወስነው) ሪድ ኮሚትድ ስለሆነ እያንዳንዱ ኩዌሪ አዲስ ሁኔታ ያያል፤ ሪፒተብል ሪድ ማድረግ አለባችሁ። የማይኤስኪውኤል ማከማቻ ሞተር የሆነው ኢኖዲቢ ነባሪው ራሱ ሪፒተብል ሪድ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ግን ያው ስም ያለው ደረጃ አዲስ ረድፍ ከመግባት አያግድም፤ ስናፕሾት ወይም ሲሪያላይዘብል ያስፈልጋል። ኦራክል ላይ ትራንዛክሽኑን ሪድ ኦንሊ ማድረግ ይበቃል።

7. ካውንቱ ራሱ ሲዘገይ

ፖስትግሬስና ኢኖዲቢ የቴብልን ድምር የትም ጽፈው አያስቀምጡም። በአንድ ቅጽበት ሁለት ትራንዛክሽኖች የተለያየ ብዛት ሊያዩ ስለሚችሉ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። የቆየው የማይኤስኪውኤል ሞተር ማይአይሳም ትራንዛክሽን ስለሌለው ቁጥሩን ይዞ ይኖራል፤ ዌር የሌለው ካውንት እዚያ ወዲያው ይመለሳል። ከማይአይሳም ወደ ኢኖዲቢ የተዛወረ ሲስተም ድንገት ካውንት ላይ የሚንፏቀቀው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የዌሩን ዓምዶች የሚሸፍን ኢንዴክስ ፍጠሩ። ፖስትግሬስ ከ9.2 ጀምሮ ከኢንዴክሱ ብቻ መቁጠር ይችላል፤ ነገር ግን ቴብሉ በቅርቡ ቫኪዩም (የተሰረዙ ረድፎች ጽዳት) ካልተደረገ ረድፎቹን ለማረጋገጥ ወደ ቴብሉ ይመለሳል። ኤክስፕሌይን አናላይዝ (ኩዌሪው እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ትእዛዝ) ላይ «ሂፕ ፌችስ» የሚለው ቁጥር ትልቅ ከሆነ ቫኪዩም አድርጉ።

ግምት የሚበቃ ከሆነ ለሙሉ ቴብል ፖስትግሬስ ላይ ፒጂ_ክላስ ውስጥ ሬልተፕልስን አንብቡ፤ ከስሪት 14 ወዲህ −1 ካያችሁ ቴብሉ ገና ቫኪዩምም አናላይዝም አልተደረገም። ማይኤስኪውኤል ላይ ኢንፎርሜሽን_ስኪማ ውስጥ ያለው ቴብል_ሮውስ ለኢኖዲቢ ከእውነተኛው 40 እስከ 50 በመቶ ሊርቅ ይችላል፤ ለተጠቃሚ አታሳዩት። ዌር ላለው ኩዌሪ ፖስትግሬስ ላይ ኤክስፕሌይን ብላችሁ ከላይኛው መስመር «ሮውስ=» የሚለውን ውሰዱ፤ ሊሚቱን ቀድማችሁ አንሱ፣ አለዚያ ላይኛው መስመር 20 ብቻ ይላል። የማይኤስኪውኤል ኤክስፕሌይን ላይ ያለው «ሮውስ» ግን የሚመለሱት ሳይሆን ይመረመራሉ ተብለው የተገመቱት ናቸው፤ አጠገቡ ባለው «ፊልተርድ» መቶኛ አባዙት።